«ትንሽ ነው፣ እመጣለሁ» የሚለውን አጥፊው

ቆይ፣ መልእክቱን ገና ለአራሷ አትላኪው። ከኋላሽ ቆሜ እያነበብኩልሽ ነው። «ጉሮሮዬን ትንሽ ይከረክረኛል ግን እመጣለሁ» ይላል። ያቺን «ትንሽ» እኔም በደንብ አውቃታለሁ።

ለእማዬ በስልክ «ዱላ ሆንኩ» ያልሻት ቀን ትዝ ይልሻል? «ማንን ልትደበድቢ ነው?» አለችሽ። አራስ ማረስ መሆኑን ስትነግሪያት ሳቀች፤ ለዚህም ደሞዝ ይከፈላል ወይ ብላ። እሷ ስታርስ ግን ብቻዋን አልነበረችም። አንድ ቀን ቢያማት ጎረቤት ገንፎውን ታገነፋለች፣ አክስት ሕፃኑን ታጥባለች። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው አራስ ግን ከባሏ ሌላ ያላት አንቺን ብቻ ነው። መቅረት የሚከብድሽም ለዚህ ነው። እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነው።

ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ክረምት አንድ ሌሊት ሲያስመልሰኝ አደረ። ጠዋት ቀለል ሲለኝ ዝንጅብል ሻይ ጠጥቼ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ እጄን በሳኒታይዘር ሳሽ ዋልኩ፤ የተጠነቀቅኩ መስሎኝ። በማግስቱ ስገባ አራሷ ባልዲ ታቅፋለች። በኦፕራሲዮን ከወለደች ገና 9 ቀኗ ነበር። ባስመለሳት ቁጥር ትራሱን ቁስሏ ላይ ጥብቅ አድርጋ ትይዝና ዓይኗን ትጨፍናለች። ባሏ የሳምንቱን ክፍያ አንድ ብር ሳያጎድል ሰጠኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ የሚያስመልሰውን ኖሮቫይረስን ሳኒታይዘር በቅጡ እንደማይገድለው ያወቅኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በሳሙናና በውሃ አሽቶ መታጠብ ነው። ማስመለሱና ተቅማጡ ካቆመ በኋላም 48 ሰዓት ከቤትሽ አትውጪ። ትኩሳት ከነበረሽ ታይለኖል ሳትወስጂ ትኩሳት የሌለበት ቢያንስ 24 ሰዓት ይለፍሽ። ከንፈርሽ ላይ ምች ከወጣ ደግሞ ዳማከሴ አሽተሽ «ድኛለሁ» እንዳትዪ። ያ ቁስል ለአንቺ ማሳከክ ነው፤ ጨቅላን ግን ሊገድል ይችላል። እስኪደርቅና ቅርፊቱ እስኪወድቅ ሕፃን ዘንድ አትድረሺ። የትክትክና የጉንፋን ክትባትሽን አዲስ ሥራ ከመጀመርሽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ጨርሺ።

የታመሙት እነሱ ከሆኑስ? እናትየው ጉንፋን ቢይዛት ማስክ አድርጋ፣ እጇን ታጥባ ጡት ትስጥ፤ ጡት አስጥያት የሚል ዘመድ ከመጣ በትሕትና መልሺው። ሕፃኑ ግን ሦስት ወር ሳይሞላው ሙቀቱ 38 ከደረሰ (የእነሱ ቴርሞሜትር 100.4 ይላል) መድኃኒት ሳትሰጡ ያኔውኑ ለሐኪም ይደወል፣ ሌሊትም ቢሆን። አንቺ ነርስ አይደለሽም። ሥራሽ ቁጥሩን አንብበሽ ስልኩን እናትየው እጅ ላይ ማስቀመጥ ነው።

በረዶው ሌላ ጣጣ ነው። በጃንዋሪ 2022 ቨርጂንያ ውስጥ አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ በረዶ የያዛቸው ሰዎች ከ24 ሰዓት በላይ መኪናቸው ውስጥ ቆይተዋል። መንገድ ላይ የቀረች ዱላ ለማንም አትጠቅምም። ስለዚህ ወይ በረዶው ሳይጀምር ማታውኑ ሄደሽ እደሪ፣ ወይ ቅሪ፤ ጠዋት ተነስቼ አያለሁ የሚባል ነገር የለም። ካደርሽ የማደሪያው ሰዓት ስንት እንደሚከፈል፣ ከቀረሽ ሰዓቱ ወደ የትኛው ቀን እንደሚዛወር ገና ሳትወልድ በጽሑፍ ተስማሙ። በረዶ እየወረደ ስለ ብር ማውራት እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ያሳፍራል።

መብራት ከጠፋ የታለበው ወተት ያለበትን ፍሪጅ አትክፈቱ፤ ተዘግቶ አራት ሰዓት ያህል ይይዝላችኋል። የቡናውን ከሰል ለማሞቂያ ብሎ ቤት ውስጥ የሚያቀጣጥል ካለ ግን፣ አማትየውም ብትሆን፣ ከልክያት። ከሰል ጭስ ባይታይበትም ይገድላል። ደግሞ አማቶች ይቆጣሉ፣ ይቆጡ።

አሁን ያንን አጥፊና እንዲህ በያት፦ «ይቅርታ፣ ጉሮሮዬን አሞኛል፤ ነገ አልመጣም። ባለፈው ያስተዋወቅኩሽ ጓደኛዬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትደርሳለች። አጃው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ማሞቅ ብቻ ነው።» ይቅርታ አታብዢ፣ አንዴ ይበቃል። ላኪው፤ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፣ ተተኪሽም አልተኛችም።