የጎጃም ገበሬና የእርሻ ገቢ ግብር

ጥያቄ፦ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ሕዝብ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣው ለመንግሥት መገበርን ጠልቶ ነውን?

መልስ፦ አይደለም። የጎጃም ባለርስት ከአባት ከአያቱ ጀምሮ ሲገብር የኖረ ነውና፥ ያስቈጣው ከክፍያው ይልቅ አተማመኑ ነበር፤ አዲሱ አዋጅ ግብሩ በምርት ልክ እንዲታሰብ ስላዘዘ ገማቾች ወደ ማሳው መውረዳቸው ግድ ሆነ፥ ገበሬውም ዛሬ አዝመራዬን የገመተ ሰው ነገ በመሬቴ ላይ የመለኪያ ገመድ፥ ማለትም ቃላድ፥ ይጥልበታል፥ በቃላድ የተለካ ርስትም ለልጅ ልጅ አይተርፍም ብሎ ሠጋ። በዚህ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ እንቈ ሥላሴ ሹማምንት በልዩ ልዩ ምክንያት የሚጥሉት መዋጮ፥ የት እንደሚገባ ሳይነገር እየተሰበሰበ ምሬቱን አባባሰው። ሽማግሎች እስከ አዲስ አበባ ወጥተው ርቱዕ ፍርድ ቢለምኑም አጥጋቢ መልስ ባለማግኘታቸው፥ በሞጣና በቢቸና ነገሩ ከአቤቱታ ወደ ጠመንጃ ተሸጋገረ፤ ጦር ዘመተ፥ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ገዥው ከሹመታቸው ተነሡ፥ ንጉሠ ነገሥቱም ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማሩ። እንግዲህ ያ ምሕረት ቀድሞ ለሽማግሎቹ ልመና ቢሰጥ ኖሮ፥ መንግሥት ገንዘቡንም የሰውንም ደም ባዳነ ነበር።