ከእጅ የምትጀምር ጀልባ፦ የትንሽ ሸራ ጀልባ አቀማመጥና የዕቃ አገጣጠም

ለራሱ የምትሆን ትንሽ የሸራ ጀልባ ሊሠራ ወይም አሮጌ ገዝቶ ሊያድስ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ላይ በመጀመሪያ የሚስለው አልጋውን፣ ምድጃውንና የዕቃ ሣጥኑን ነው። ቤት እንደሚከፋፈለው ሁሉ ጀልባዋንም ይከፋፍላታል፤ ገመዱና ማሰሪያው በተረፈው ቦታ ይገጠማል። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። ቤት ቆሞ ይኖራል፤ ጀልባ ግን ያዘነብላል፣ ይወዛወዛል። የሚነዳት ሰው አንድ እጁ ሁልጊዜ በመሪው እጀታ ስለሚያዝ ለሌላው ሥራ ሁሉ የሚቀረው አንድ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ 5 ሜትር በምታህል ጀልባ ላይ የሚነደፈው የወለል ስፋት ሳይሆን ያ አንድ እጅ የሚደርስበት ክልል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሡ ናቸው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1960 የተካሄደው የመጀመሪያው አትላንቲክን ብቻን የማቋረጥ ውድድር ነው። ከእንግሊዝ ፕሊመዝ ወደ ኒው ዮርክ በተደረገው በዚህ ጉዞ ብሎንዲ ሄዝለር የተባለው ጡረተኛ መኮንን ጄስተር በምትባል ጀልባ ተወዳደረ። ጄስተር ፎክቦት ከሚባለው የስካንዲኔቪያ ዓይነት የተወሰደ ቀፎ ያላት፣ ርዝመቷ ከ8 ሜትር ያነሰ ጀልባ ነበረች። እንደ ሌሎቹ ክፍት መቀመጫ አልነበራትም፤ መሐሏ ላይ ሰው ወገቡን አውጥቶ የሚቆምበት ቀዳዳ ተከፍቶ ሸራውን የሚሰቅሉት፣ የሚያሳጥሩትና የሚስቡት ገመዶች ወደዚያ ተሰብስበዋል። ሸራዋም በቻይና ጀንክ ጀልባዎች ወግ የተሠራ በመሆኑ ለማሳጠር ወደ ፊት መሄድ አያስፈልግም ነበር። ሄዝለር በ48 ቀናት ሁለተኛ ሆኖ ደረሰ። አንደኛ የወጣው ፍራንሲስ ቺቸስተር 40 ቀን የፈጀበት 12 ሜትር ገደማ በምትረዝም ጀልባ ነው። ረጅም ጀልባ ፈጥና መድረሷ የሚጠበቅ ነው፤ ልብ የሚባለው ትንሿ ጀልባ ውቅያኖሱን ስታቋርጥ ባለቤቷ ከቀዳዳው ሳይወጣ ሸራውን ማዘዝ መቻሉ ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ የጀልባዋን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ሁለት ሰው ይዛ በሐይቅ ላይ ቀኑን የምትውል፣ አንዳንዴ አንድ ሌሊት የምታሳድር» ማለት አንድ ጀልባ ነው፤ «አራት ሰው ይዛ በባሕር ዳርቻ ሳምንት የምትሰነብት» ማለት ፈጽሞ ሌላ ጀልባ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀፎ ለማጣመር የሚሞክር ሰው ሁለቱንም ያጣል። ጀልባዋ ብዙውን ጊዜ የምትወጣው በስንት ሰው እንደሆነ ከተጻፈ በኋላ ንድፉ ለዚያ ቁጥር ሳይሆን ለአንድ ሰው ይደረግ። «እኔ ሁልጊዜ ጓደኛ ይዤ ነው የምወጣው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ጓደኛ ሊታመም፣ ሊደክም ወይም ውሃ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ በዚያች ደቂቃ በጀልባዋ ላይ ያለው አንድ ሰው ነው። ለአንድ ሰው የተመቸች ጀልባ ለሁለት አትከፋም፤ ሁለት ሰው የግድ የምትፈልግ ጀልባ ግን ለአንድ አትሆንም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ መቀመጫውን በካርቶንና በእንጨት በሙሉ ልኩ ይሥሩ። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ይበቃል፤ ጉልበት የሚጋጨው ሲቀመጡ ነው። ከወለሉ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መቀመጫ ያብጁ፤ በግራና በቀኝ መቀመጫዎች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ጀልባዋ ስታዘነብል እግር ከወዲያኛው ጠርዝ ጋር ተወጥሮ እንዲይዝ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ቁጭ ይበሉ፤ አንድ እጅዎን የመሪው እጀታ በሚሆነው ዱላ ላይ ያድርጉና ሌላው እጅ ሳይንጠራራ የሚደርስበትን ሁሉ በጠመኔ ያክብቡ። በሌላው ጎን ተቀምጠውም ይድገሙት፤ ሸራ ጀልባ አቅጣጫ በለወጠች ቁጥር ሰውም ጎን ይለውጣልና። ሁለቱ ክቦች የሚገናኙበት ቦታ የጀልባዋ ውድ መሬት ነው፤ ለመጠጥ ማስቀመጫ ሊባክን አይገባም።

በመቀመጫዎቹ መካከል ያለው የእግር ገንዳ ሰፊ ይሁን የሚለው ፍላጎት በዚህ ደረጃ ይነሣል። ለእግር መዘርጊያ እውነት ይመቻል። ይሁንና 1.2 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 288 ሊትር ይይዛል። አንድ ማዕበል ቢሞላው በጀልባዋ ጀርባ ላይ አራት ሰው ድንገት እንደተጫነ ይቆጠራል። ስለዚህ ገንዳው እግር ለማስገባት ከሚበቃው በላይ መስፋት የለበትም። ወለሉ ጀልባዋ ጭነቷን ይዛ ሳለ ከውጭው የውሃ መስመር በላይ ከሆነ በሁለት ሰፋፊ ቱቦዎች ውሃው በራሱ ይወጣል። ወለሉን ከፍ ማድረግ ካልተቻለ ግን ቱቦ መብሳት ለውሃ መግቢያ ማበጀት ነው፤ ያኔ የሚያዋጣው የእጅ ፓምፕና በገመድ የታሰረ ባልዲ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ከባድ ዕቃዎችን ሁሉ ዘርዝረው ከመሐል ያላቸውን ርቀት ይለኩ። ክብደት በርቀት ሲባዛ የማጋደል ኃይሉ ይገኛል። 10 ኪሎ የሚመዝን መልሕቅና ሰንሰለት ከመሐል 2 ሜትር ርቆ ፊት ጫፍ ላይ ቢቀመጥ፣ ያንን ለማስተካከል 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። በትልቅ መርከብ ይህ አይታወቅም፤ በትንሽ ጀልባ ግን አፍንጫዋ ማዕበሉን መውጣት ትቶ መውጋት ይጀምራል። ባትሪ፣ የመጠጥ ውሃና መልሕቅ መሐል አካባቢ፣ በተቻለ መጠን ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ ጀልባዋ ስታዘነብልም እንዳይንሸራተቱ ይታሰሩ። መልሕቅን ከፊት ጫፍ ማራቅ ለመጣል ያስቸግራል የሚል ካለ፣ መልሱ ገመዱን አስቀድሞ በፊት ጫፉ ቀዳዳ አሳልፎ ወደ መቀመጫው መመለስ ነው። ያኔ መልሕቁ ከመቀመጫው ይጣላል፤ የሚይዘው ግን ከፊት ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ገመዶችን በአስቸኳይነታቸው ቅደም ተከተል ይስጧቸው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 10 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ 15 ኪሎ ገደማ የሚጫን ከሆነ፣ በሴኮንድ 10 ሜትር ሲሆን ከ60 ኪሎ በላይ ይጫናል። ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ሸራውን የሚስበውና የሚለቀው የልጓም ገመድ ነው፤ ነፋስ በድንገት ሲበረታ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ የሚያደርገው እሱን መልቀቅ ነው። ማሰሪያው ወደ ላይ በአንድ ንጥቂያ የሚለቅ፣ ከሁለቱም ጎን የሚደረስበት መሆን አለበት። ሁለተኛው ሸራውን ማሳጠሪያ፣ ሦስተኛው ሸራውን መስቀያና ማውረጃ፣ አራተኛው ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትገፋ ከሆዷ በታች የሚወርደውን ሰሌዳ ማንሻ ነው። ሦስቱ የመጀመሪያዎቹ በጠመኔው ክብ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ አራተኛው ጠርዙ ላይ ቢሆን ይበቃል።

ጉልበት ለመቀነስ ገመዱ በፑሊ ይዞራል። አራት ጊዜ የተመላለሰ ገመድ 60 ኪሎውን ወደ 15 ኪሎ ያወርደዋል፤ በምትኩ አንድ ሜትር ሸራ ለመሳብ አራት ሜትር ገመድ መሳብ ግድ ይላል። በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፦ ገመዶችን ሁሉ ከምሰሶው ወደ መቀመጫው ማምጣት በየመታጠፊያው ሰበቃ ይጨምራል፤ እግር ሥርም ይጠላለፋል፤ ቀላሉ ነገር ምሰሶው ሥር ማሰር ነው ይባላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው። ሰበቃ በእርግጥ ይጨምራል፤ ስለዚህ የመታጠፊያው ብዛት ይቀነስ፣ ፑሊዎቹም ለገመዱ ውፍረት የሚመጥኑ ይሁኑ። በማዕበል ውስጥ መሪውን ለቆ ወደ ምሰሶው መሄድ ግን ሰበቃን አይደለም፣ መውደቅን ነው የሚያተርፈው። ለመጠላለፉ መፍትሔው ለእያንዳንዱ ገመድ የተለያየ ቀለምና የጨርቅ ከረጢት መስጠት ነው። ገመዱ ወደ መቀመጫው ሊመጣ የማይገባው ምሰሶው ራሱ ክንድ በሚደርስበት ርቀት ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ የብረት ዕቃውን ለሚደርስበት ጉልበት እንጂ ለመልኩ አይግጠሙ። ገመድ የሚታሰርበት ማንኛውም ነገር በብሎን ተሻግሮ ከሥር በሰፊ ሮንዴላና በጣውላ ደጋፊ መያዝ አለበት፤ በእንጨት ብሎን ብቻ የተያዘ ማሰሪያ አንድ ቀን ተነቅሎ ይወጣል። በኮምፔንሳቶ ላይ ሲበሱ ቀዳዳውን አስፍተው በኢፖክሲ ይሙሉት፤ ሲደርቅ በትክክለኛው ልክ እንደገና ይብሱት። ያኔ ውሃ ቢገባ የሚያገኘው ኢፖክሲውን ነው፤ እንጨቱ አይበሰብስም። ናስ ያምራል፤ ሆኖም በጨዋማ ውሃ ውስጥ ዚንኩ እየተበላ ይሰባበራልና ከውሃው መስመር በታች አይግባ፤ በእሱ ፈንታ ነሐስ ይሻላል። የማይዝግ ብረትም ስሙን የሚጠብቀው አየር ሲያገኝ ነው፤ እርጥብ እንጨት ውስጥ ሲታፈን ይበላል። ከአሉሚኒየም ምሰሶ ጋር ሲገናኝም በመካከላቸው ላስቲክ ይግባ፤ አለዚያ አሉሚኒየሙ ይበላል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ካቢኑ የሚነደፈው አሁን፣ በተረፈው ቦታ ነው። ቤተሰብ የሚያስበው ምቾትን መሆኑ አያስወቅስም፤ ያልተኛ ሰውም መጥፎ መሪ ያዢ ነው። ግን ምቾት በትንሽ ጀልባ ቁመት አይደለም። ቆሞ ለመሄድ ሲባል ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ለነፋስ ግድግዳ ማቆም ነው። ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ከመቀመጫው እስከ ጣሪያው አንድ ሜትር ያህል ይበቃዋል። አልጋ 2 ሜትር ርዝመት፣ ትከሻ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው እግሩ ጋ ቢጠብ አይጎዳም፤ እንዲያውም የጠበበ አልጋ በማዕበል ሰውን አቅፎ ይይዛል። ምድጃውን በተመለከተ፣ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈተልክ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይጠራቀማል። ሲሊንደሩ ከውጭ፣ ሥሩ ወደ ውጭ በተከፈተ ሣጥን ይቀመጥ፤ ይህ ካልተቻለ ገንዳው ውስጥ ተቀምጦ የሚበስልበት ትንሽ የአልኮል ምድጃ ይበልጣል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ብትሞላም እንዳትሰጥም አድርገው ይዝጓት። የጣና የደንገል ታንኳ በውስጡ ውሃ ቢገባም የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ነው። በቀጭን ቀፎ የተሠራች ጀልባ ግን የምትንሳፈፈው ባዶ እስከሆነች ድረስ ብቻ ነው፤ በተለይ ብረትና ሞተር ከያዘች። በንጹህ ውሃ 100 ሊትር የታሸገ ፎም ወደ 97 ኪሎ ያነሣል። የብረቱን፣ የሞተሩንና የባትሪውን ክብደት ደምረው ቢያንስ በዚያ ልክ፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ ፎም ያስገቡ። ከወለሉ ሥር ብቻ ከሆነ ጀልባዋ ስትሞላ ትገለበጣለች፤ በሁለቱ ጎን ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ግን ቀጥ ብላ ትቆማለች። «የዕቃ ቦታዬን ይወስዳል» ማለት ይቻላል፤ ይወስዳልም። ነገር ግን ያ ዕቃ ከጀልባዋ ጋር ከሰጠመ ቦታ አገኘ አይባልም።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ከመብሳትዎ በፊት ይሞክሩ። ማሰሪያዎቹንና ፑሊዎቹን በካርቶኑ ሞዴል ላይ በቴፕ ይለጥፉ፤ ገመዱንም ያሳልፉ። ከዚያ መቀመጫው ላይ ቁጭ ብለው ዓይንዎን ይጨፍኑና የልጓሙን፣ የማሳጠሪያውንና የማውረጃውን ገመድ በየተራ በእጅዎ ይፈልጉ። ሌሊት፣ ዝናብና ድንጋጤ ሲገናኙ ዓይን ብዙም አይረዳም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የተበሳ ቀዳዳም በችግር ቀን ነው ስህተቱ የሚታወቀው። ዓይን ተጨፍኖ እጅ ያላገኘው ገመድ ካለ፣ ቦታው ያ አይደለም፤ ቴፑን ያንሡና እንደገና ይለጥፉ።