በሱስ የተያዘ ሰው በቤተ ሰቡ ዘንድ እንዴት ሊረዳ እንደሚገባ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው አገር ጫት ከእንሰትና ከቡና ጋራ ይተከላል። ከሽያጩ የሚገኘውም ገንዘብ ለብዙ ቤት የልጆች ልብስና የደብተር መግዣ ነው። ስለዚህ ጫትን በመስደብ ብቻ የሚያስተምር መምህር ከአባቶች ጋራ ሊግባባ አይችልም። የዚህ ትምህርት ዓላማ ተክሉን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ከቤተ ሰቡ አንዱ በሱስ በተያዘ ጊዜ የቀሩት ምን ሊያደርጉ እንደሚገባ ለማስረዳት ነው።

፩ ልማድና ሱስ

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1999 የታተመ አንድ ጥናት በቡታጅራ ዙሪያ 10,468 ጎልማሶችን መርምሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ከመቶው 50 ያህሉ ጫት ይቅሙ ነበር፤ ከሚቅሙት ግን በየቀኑ የሚቅሙት ከመቶው 17 ያህል ብቻ ነበሩ። ከመቶው 80ዎቹ ቃሚዎችም ለጸሎት ልቡናቸውን ለመሰብሰብ እንደሚቅሙ ተናገሩ። እንግዲህ የቃመ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። ሱስ የሚባለው ሰውዬው ጫቱን ማዘዙ ቀርቶ ጫቱ ሰውዬውን ሲያዘው ነው። ይኸውም ሐራራው ሲነሣበት ሥራውን ጥሎ ይሄዳል፤ ያላበደረውን አበድሬ ነበር ይላል፤ የቤት ዕቃ አውጥቶ ይሸጣል፤ ደግሞም ተጸጽቶ ተወኩ ካለ በኋላ ይመለስበታል።

የዚህም ምክንያት በቅጠሉ ውስጥ ያለ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ካቲኖን አእምሮን ያነቃል፤ ረኃብንና እንቅልፍን ያርቃል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ ወደ ገበያ ይወሰዳል። ምርቃናው ሲያልፍ ግን ድካምና ድብርት ይከተላል፤ ሱሰኛውም ይህን ለማራቅ በማግሥቱ ይቅማል። እንቅልፍ እንቢ ሲለው በጨብሲ፣ ማለት በመጠጥ፣ የሚያበርድም አለ፤ በዚህም አንዱ ሱስ ሁለት ይሆናል።

፪ ሁለቱ የተሳሳቱ መንገዶች

ለምሳሌ፣ በአዲስ አበባ ይነግድ የነበረ አንድ ልጅ ለመስቀል ወደ አገሩ ተመለሰ እንበል። የንግዱ ገንዘብ በጫት አልቋል። አባቱ ስለ ቤቱ ክብር ተቈጥቶ ረግሞ ያባርረዋል፤ እናቱ ግን ስለምትራራለት ከእንሰቱ ሽያጭ ሰውራ ብር ትሰጠዋለች። ሁለቱም የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል። ስለ ምን ቢሉ፣ የተባረረው ልጅ የሚቀበሉት የበርጫ ባልንጀሮቹ ብቻ ይሆናሉ፤ በስውር የሚሰጠው ብርም ጫት ይሆናል። አባትና እናት እርስ በርሳቸው ሲጣሉም ልጁ በሁለቱ መካከል ያለውን ቀዳዳ ያገኛል።

፫ የሚገባው መንገድ

አስቀድሞ ቤተ ሰቡ በአንድ ቃል መስማማት አለበት። ምግብና መኝታ አይከለከልም፤ ገንዘብ ግን በእጁ አይሰጥም፤ ዕዳውም ተደብቆ አይከፈልም። ይህም በቍጣ ሳይሆን በግልጽ ይነገረው። የሚነገርበትም ጊዜ ምርቃና ወይም ሐራራ ላይ ባለበት ሰዓት ሳይሆን፣ አርፎና በልቶ በተቀመጠበት ሰዓት ነው።

የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በየጆካ ሸንጎ ነገርን ሰምተው በመጨረስ የታወቁ ናቸው። በዚህም ነገር ሽማግሌ ቢገባ መልካም ነው፤ ነገር ግን በአደባባይ ማሳፈር ልጁን ወደ መደበቅ ይገፋዋልና፣ ጥቂት የሚታመኑ ሰዎች በቤት ውስጥ ይስሙት።

ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ያንቀላፋል፤ ይበሳጫል፤ ዱካክ የሚባለው ክፉ ሕልም ያስጨንቀዋል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሰውነት ልማዱን ሲለቅ የሚመጣ ነው። ከቀትር በኋላ የበርጫው ሰዓት ሲደርስ ልቡ ስለሚናወጥ፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራና ሌላ ባልንጀራ ይዘጋጅለት። ቤተ ሰቡ ጫት የሚሸጥም ከሆነ ለቀማውና ሽያጩ ለሌላ ሰው ይሰጥ፤ እርሱ ግን በቡናው ወይም በእንሰቱ ይሥራ።

፬ ወደ ሐኪም መውሰድ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ለጫት ሱስ ተብሎ የተረጋገጠ ልዩ መድኃኒት የለም፤ ሐኪም ግን በምክርና አብረው ያሉትን ሕመሞች በማከም ይረዳል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው መጠጥ ነው። ብዙ ዘመን በየቀኑ አረቄ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ፣ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊነሣበት፣ አእምሮውም ሊታወክ ይችላል፤ ከዚህም የተነሣ የሚሞት አለ። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ቤት ዘግቶ ማስተው ታላቅ አደጋ ነው፤ አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ያለ ምክንያት የሚጠረጥር ወይም ሞትን የሚመኝ ሰውም ብቻውን አይተው፤ አይታሰርም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ። ጸበልም ዱዓም ከሕክምና ጋራ አይጣሉም።

የተወ ሰው ዳግመኛ ቢቅም፣ ቤተ ሰቡ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት የለበትም። ብዙዎች የዳኑት ከአንድ ጊዜ በላይ ወድቀው ነው። በምን ሰዓት፣ ከማን ጋራ፣ በምን ገንዘብ እንደ ቃመ በትዕግሥት ይጠየቅ፤ ቀዳዳው የታወቀ እንደ ሆነ መድፈን ይቻላልና።

ለመምህራንና ለሽማግሌዎች መወያያ ጥያቄ

1. በልማድና በሱስ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
2. በምሳሌው የተነገሩት አባትና እናት በምን ቃል ሊስማሙ ይገባቸዋል?
3. አብዝቶ የሚጠጣን ሰው በድንገት ማስተው ስለ ምን አደገኛ ሆነ?
4. በዚህ መንደር ከቀትር በኋላ ወጣቶች ከበርጫ ሌላ የሚሰበሰቡበት ስፍራ አለን? ከሌለስ ማን ሊያዘጋጀው ይችላል?