ባለቀለም መስታወትና መስጊዶቻችን



ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ በሠፈራችን መስጊድ የተነሣ አንድ ክርክር ነው። መስጊዱ ሲታደስ ከሚህራቡ በላይና በግራው ግድግዳ ባሉት መስኮቶች ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ያለው ፕላስቲክ ተለጠፈ። ከእድሳቱ ኮሚቴ አባላት አንዱ ስለነበርኩ በነገሩ እጄ አለበት፤ ያማረ መስሎኝ እኔም ደግፌያለሁ። በመጀመሪያው ጁምዓ ገሚሱ «ማሻአላህ» ሲል ገሚሱ «ይህማ የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው፣ ይነሣ!» አለ። ለሁለት ሳምንት ያህል ከሶላት በኋላ የሚወራው ይኸው ብቻ ሆነ። ከአንድ አዛውንት ሐጂ የሰማሁት ግን ከሁለቱም ወገን የተለየ ነበር። «ልጄ፣ የማን እንደሆነ እኔ አላውቅም። የማውቀው ዐስር ስሰግድ ግንባሬን የማሳርፍበት ቦታ አንዴ ቀይ አንዴ ሰማያዊ እየሆነ፣ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ እንደጠፋኝ ነው» አሉኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን አንብቤ ለመረዳት የተነሣሁት።

ባለቀለም መስታወት ሲባል ብዙዎቻችን የአዲስ አበባ ሰዎች መጀመሪያ የሚታየን በ1961 እ.ኤ.አ. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። ስፋቱ 150 ሜትር ካሬ ሲሆን የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግልና ተስፋ ያሳያል። ይህ ሃይማኖታዊ ሥራ አይደለም። ሙያው ግን በአውሮፓ ያደገው በእርግጥም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ካቴድራል ያሉት የነቢያት ምስሎች ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው። በፓሪስ አጠገብ የሳን ደኒ ገዳም አለቃ የነበረው ሱዤ በ1144 እ.ኤ.አ. ያስመረቀው ሕንፃ በሰፋፊ መስኮቶቹ ለሌሎች አርአያ ሆነ። በእነዚያ ካቴድራሎች መስኮቱ እንደ መጽሐፍ ያገለግላል፤ ምእመኑ የነቢያትንና የቅዱሳንን ታሪክ በመስታወቱ ላይ በሥዕል ይከታተላል። መስታወቱን የሚያያይዘውም የእርሳስ ማዕድን ዘንግ ነው።

እንግዲህ «የቤተ ክርስቲያን ነው» ያሉት ወንድሞች ያሰቡት ይህንን ይመስለኛል። ሆኖም ታሪኩ እዚህ ላይ አይጀምርም። የሳን ደኒ ሕንፃ ከመመረቁ አራት መቶ ዓመት በፊት የኡመያ ኸሊፋዎች በሻም ምድር ባሠሯቸው ግቢዎች ውስጥ በጀሶ የተያዘ ባለቀለም የመስኮት መስታወት ነበር። ኸሊፋ ሂሻም በሶሪያ በረሃ ባሠራው በቀስር አል‑ሐይር አል‑ገርቢ የተገኘው የመስኮት ጀሶ ለዚህ ማስረጃ ነው። በኢያሪኮ አጠገብ ባለው በኺርበት አል‑መፍጀርም እንዲሁ የመስኮት መስታወት ስብርባሪ ተቆፍሮ ወጥቷል። ይህ ዐረቦች ሸምሲያ ወይም ቀመሪያ የሚሉት ነው፤ አንዱ ከፀሐይ፣ ሌላው ከጨረቃ የተወሰደ ስም። የሰንዓ ሰው ዛሬም ቢሆን ቤቱን ያለ ቀመሪያ ጨረስኩት አይልም። በድሮው ጊዜ ግን የመን ውስጥ የመስታወቱን ቦታ ይዞ የነበረው ብርሃን የሚያሳልፍ በስሱ የተፈለጠ ድንጋይ ነው።

አሠራሩን ሳነብ ከሁሉ የገረመኝ ትዕግሥቱ ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ጀሶውን እንደ ሰሌዳ ያፈስሳል፤ ሲደርቅ ንድፉን በላዩ ይሥልና በቢላ ይፈለፍለዋል። ሲፈለፍል ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። መስኮቱ ከፍ ብሎ የሚሰቀል፣ የሚያየውም ሰው ከታች የሚቆም በመሆኑ ጠርዙን ወደ ታች አዘንብሎ ይቆርጠዋል። ይህ ካልሆነ የጀሶው ውፍረት ብርሃኑን ይጋርደዋል። ከዚያም ትንንሾቹን የመስታወት ቁርጥራጮች ከበስተጀርባ በቀጭን ጀሶ ይለጥፋል። ቀለሙ በመስታወቱ ላይ የተቀባ አይደለም፤ ሲቀልጥ አብሮት የገባ ነው፦ ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከመዳብ፣ ወይን ጠጁ ከማንጋኒዝ። ብርን ተጠቅሞ በመስታወት ላይ ቢጫ የማውጣቱን ጥበብ ደግሞ በግብፅና በሻም የነበሩ ባለሙያዎች በስምንተኛው መቶ ዘመን ያውቁት ነበር። የአውሮፓ መስኮት ሠሪዎች የተጠቀሙበት ከ1300 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር ማን ከማን ወሰደ ብሎ መሟገት ብዙም አያዋጣም።

በመስጊዶች ዘንድ ስመ ጥር ከሆኑት መስኮቶች መካከል የኢስታንቡሉ ሱለይማንያ ይገኝበታል። ሚማር ሲናን ከ1550 እስከ 1557 እ.ኤ.አ. የሠራው ይህ መስጊድ ባለቀለም መስታወቶቹ ያሉት በቂብላው ግድግዳ ላይ ነው። ሥራው ኢብራሂም ለሚባል ባለሙያ ይሰጣል፤ ቱርኮች «ሰካራሙ ኢብራሂም» እያሉ ይጠሩታል። ሱብሀነላህ! ቅጽሉ እንዴት እንደተሰጠው አላህ ይወቅ። በእነዚህ መስኮቶች ላይ የሰውም ሆነ የእንስሳ ምስል የለም፤ ያለው አበባና ሐረግ፣ ጽሑፍም ነው። በኢራን ሺራዝ ያለው የናስር አል‑ሙልክ መስጊድ (ከ1876 እስከ 1888 እ.ኤ.አ. የተሠራ) ደግሞ የክረምት መስገጃውን በእንጨት ፍርግርግ በተያዘ ቀይና ሰማያዊ መስታወት ሞልቶታል።

የአል‑አቅሷው ከሁሉም ያሳዝናል። በነሐሴ 21 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ማይክል ሮሃን የተባለ አውስትራሊያዊ እሳት ሲለኩስ የኑረዲንና የሰላሐዲን መታሰቢያ የሆነው ሚንበር ተቃጠለ። በ2022 እ.ኤ.አ. በረመዳን ወር የእስራኤል ፖሊሶች ገብተው በተነሣው ግጭት የቂብሊው መስጊድ መስኮቶች ተሰባበሩ። በግቢው ውስጥ ያለው የጀሶና የመስታወት ሥራ ቤት የተሰበረውን በእጅ ይጠግናል፤ አንዱ መስኮት ብቻ ወራት ይፈጃል። በደቂቃ የተሰበረውን ለመመለስ ማለት ነው።

እስካሁን ያየነው ግን የሐጂውን ጥያቄ አይመልስም። ታላላቅ መስጊዶች ስላደረጉት ብቻ ነገሩ ትክክል ነው አይባልም። በቡኻሪ እንደተዘገበው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ባለው ልብስ ሰግደው ዓይናቸው ስላረፈበት ልብሱን ለአቡ ጀህም እንዲመለስና በምትኩ ጥለት የሌለው እንዲመጣላቸው አዝዘዋል። የእመት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መጋረጃም በሶላት ውስጥ ምስሉ እየመጣባቸው ስለተቸገሩ እንዲነሣ አድርገዋል። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ዑመር (ረ.ዐ.) መስጊዱን ሲያሠሩ ለሠሪው የሰጡት ትእዛዝ ነው፦ ሰዉን ከዝናብ ከልልልኝ፣ ቀይና ቢጫ ከማድረግ ግን ተጠንቀቅ፣ ሰዎችን በፈተና እንዳትጥል የሚል መልእክት ያለው። ቀይና ቢጫ! እኛ የለጠፍነው ፕላስቲክ ማለት እኮ ነው።

በሌላ በኩል ከዑመር ቀጥሎ ዑስማን (ረ.ዐ.) ያንኑ መስጊድ ሲያሰፉ የተቀረጸ ድንጋይና ጀሶ፣ ለጣሪያውም የሳጅ እንጨት ተጠቅመዋል። ዑለማዎችም ከዚህ ተነሥተው ይለያያሉ። ከሐነፊ መዝሀብ ኪታቦች መስጊድን ማስዋብ ከወቅፍ ገንዘብ እስካልሆነ ድረስ ችግር የለውም፣ ሚህራቡ ግን ሰጋጁን ስለሚያዘናጋ አይወደድም የሚሉ አሉ። የሱለይማንያ ሰዎች ሐነፊ ሆነው ሳለ ያን ሁሉ ቀለም በቂብላው ግድግዳ ማድረጋቸው ለእኔ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ብርሃንና መስታወት በራሳቸው የሚነቀፉ ሆነው አይደለም። በሱረቱ ኑር 35ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ብርሃኑን በመስታወት ውስጥ ባለ መብራት መስሎታል፤ የግብፅ መምሉኮች ይህን አንቀጽ በመስጊድ ፋኖሶቻቸው ላይ ያስጽፉት ነበር። በሱረቱ ነምል ደግሞ የሰበእ ንግሥት የሱለይማንን (ዐ.ሰ.) የመስታወት ወለል ውኃ መስሏት ልብሷን ሰበሰበች። መስታወት ዓይንን እንደሚያታልል ከዚህ በላይ ማን ይንገረን?

ወደ መስጊዳችን ልመለስ። አንድ ቀላል ነገር አለማስተዋላችን አሳፈረኝ፤ ይኸውም የፀሐይን አቅጣጫ ነው። የሺራዙ መስጊድ መስኮቶች ቀለማቸውን ምንጣፉ ላይ የሚዘረጉት ጠዋት ነው። ከሱብሂ በኋላ እስከ ዙህር ግዴታ ሶላት የለም፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣው ፎቶ የሚያነሣ እንግዳ ነው። በአዲስ አበባ ግን ቂብላችን ወደ ሰሜን ነው፣ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ። ስለዚህ ግራ እጃችን ምዕራብ ነው። በግራ በኩል የተለጠፈ ቀለም ልክ በዐስር ሰዓት በሰጋጁ ሶፍ ላይ ይወርዳል። ሐጂው የተቸገሩት በዚህ ነበር። በሚህራቡ በኩል ደግሞ ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ብቻ ነው፤ አብዛኛውም ክረምት ነው። ስለዚህ እዚያ የለጠፍነው ቀለም ምንጣፉ ላይ እምብዛም አይወርድም፤ ሥራው በሰጋጁ ዓይን ፊት መቆም ብቻ ነው።

ይህን ለኮሚቴው ሳቀርብ አንድ ወንድም «ታዲያ ጨርሶ ይቅር?» አለኝ። እኔ ይቅር አላልኩም። ከኋላ በኩል፣ ከመግቢያው በር በላይ አንዲት መስኮት አለች። ወደ ደቡብ የምታይ በመሆኗ በበጋ ወራት ፀሐይ ታገኛለች፤ ሰጋጁ ጀርባውን ሰጥቷት ይቆማል፣ ጠዋት ደግሞ ከሥሯ ቁርኣን የሚቀሩ ልጆች ይቀመጣሉ። እውነተኛ ባለቀለም መስታወት በጀሶ ይዞ የሚሠራ ሰው ከተገኘና አንድ በጎ አድራጊ ከኪሱ ከከፈለ፣ እዚያ ቢሆን ቅር አይለኝም። ከመስጊዱ ሣጥን ግን አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ በዚህ ሁሉም ተስማምተዋል። ጉዳዩ ገና አልተወሰነም።

የምዕራቡና የሚህራቡ ፕላስቲክ እንዲነሣ ግን ተወስኗል። ባለፈው ቅዳሜ ከወጣቶቹ ጋር መሰላል ላይ ወጥተን በሙቅ ውኃና በምላጭ ስንፍቅ ዋልን፤ ሙጫው አልለቅ ብሎ ሁለት መስኮት ቀርቶናል።