የናሁሪ አውራጃና የቲዬቤሌ ቤቶች

በአፍሪካ ምዕራብ ክፍል ቡርኪና ፋሶ የሚባል አገር አለ። ይህ አገር የባሕር በር የለውም፤ ማሊ፥ ኒጀር፥ ቤኒን፥ ቶጎ፥ ጋናና አይቮሪ ኮስት የሚባሉ 6 አገሮች ዙሪያውን ይዋሰኑታል። ቀድሞ በፈረንሳዮች እጅ ነበረ፤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ነጻነቱን አገኘ። በዚያን ጊዜ ስሙ የላይኛው ቮልታ ይባል ነበር፤ በ1984 ዓ.ም. ግን ቡርኪና ፋሶ ተባለ። ትርጓሜውም የቅን ሰዎች አገር ማለት ነው።

በዚህ አገር ደቡብ፥ በጋና ድንበር አጠገብ፥ ናሁሪ የሚባል አውራጃ ይገኛል። ዋና ከተማው ፖ ነው። ፖም ከመንግሥቱ መቀመጫ ከዋጋዱጉ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ምድሩ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ በሜዳውም ላይ ከአውራጃው ጋር ስሙ አንድ የሆነ የናሁሪ ተራራ ብቻውን ቆሞ ከሩቅ ይታያል። በአውራጃው ናዚኖን የሚባል ወንዝ ያልፋል፤ ይህንም ወንዝ ቀድሞ ቀይ ቮልታ ይሉት ነበር። በወንዙ አካባቢ ባለው ዱር ዝሆኖች ይኖራሉ።

በዚያ አገር ዓመቱ በሁለት ይከፈላል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ክረምት ነው፤ የቀረው ጊዜ በጋ ነው። በበጋ ወራት ከሰሃራ ምድረ በዳ ሐርማታን የሚባል ደረቅ ነፋስ ይነሣል፤ አቧራውም ሰማዩን ይሸፍናል። ገበሬዎቹ በክረምት ማሽላ፥ በቆሎና ኦቾሎኒ ይዘራሉ። ከዱር ዛፎችም ሁለቱን አብልጠው ይወዳሉ። አንዱ ካሪቴ ይባላል፤ ሴቶች የፍሬውን አስኳል ወቅጠውና አሽተው ቅቤ የሚመስል ስብ ያወጡለታል። ሁለተኛው ኔሬ ይባላል፤ ከዘሩ ለወጥ የሚሆን ማጣፈጫ ይዘጋጃል።

የአውራጃው ነባር ሕዝብ ካሴና ይባላል፤ ቋንቋውም ካሴም ነው። ከጥንት ጀምሮ አንድ ሕዝብ ሲሆን፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ምድሩን በተካፈሉ ጊዜ ድንበሩ በመካከሉ አለፈ። ስለዚህ ዛሬ ከካሴና ሰዎች እኩሌቶቹ በቡርኪና ፋሶ፥ እኩሌቶቹም በጋና ይኖራሉ። ሆኖም ቋንቋቸውና የቤት አሠራራቸው አልተለያየም።

ከፖ በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቲዬቤሌ የሚባል መንደር አለ። በዚያ የካሴና ባላባት ግቢ ይገኛል። ግቢው ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቆመ ነው፤ በዙሪያውም የጭቃ ቅጥር አለው። ቤቶቹ ሁሉ የተሠሩት ከአፈር፥ ከገለባ፥ ከከብት እበትና ከእንጨት ነው። በየቤቱ ቅርጽ የነዋሪውን ሁኔታ ማወቅ ይቻላል። ክብ የሆነው ቤት ሚስት ያላገባ ወንድ የሚኖርበት ነው። አራት ማዕዘን የሆነው አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት የሚኖሩበት ነው። ሁለት ክብ ቤቶች ተጋጥመው እንደ 8 ቁጥር የሚመስለው ግን የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ቤት ነው፤ ትንንሾቹ ልጆችም ከእነርሱ ጋር ያድራሉ። ጣራው ጠፍጣፋ ስለ ሆነ እህል ይሰጣበታል፤ ሙቀት በበረታ ጊዜም ሰው ወጥቶ ይተኛበታል።

የቤቱ ደጃፍ እጅግ ዝቅተኛ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ከደጃፉም በስተውስጥ አጭር ግንብ ስላለ ያን ተራምዶ ቀና ይላል። ይህን ያደረጉበት ምክንያት በቀድሞ ዘመን ጠላት ይበዛ ስለ ነበረ ነው። ጠላት አንገቱን ደፍቶ ሲገባ የቤቱ ባለቤት አስቀድሞ ያየዋልና። ዛሬ ጠላት ባይመጣም፥ ትልቅ ሰውም ቢሆን ትንሽ ሰው በዚያ ደጃፍ ሲገባ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።

ቤት መሥራት የወንዶች ሥራ ነው፤ ግድግዳውን ማስጌጥ ግን የሴቶች ጥበብ ነው። መከር ከተሰበሰበ በኋላ፥ ዝናብ ሳይመጣ፥ የመንደሩ ሴቶች በአገራችን እንደሚደረገው ደቦ በአንድነት ይወጣሉ። በመጀመሪያ ግድግዳውን በጭቃ ይለስኑታል። ቀዩን ቀለም ከቀይ አፈር፥ ነጩን ከነጭ ድንጋይ፥ ጥቁሩን ከጥቁር ድንጋይ ፈጭተው ያዘጋጃሉ። ከዚያም አዞ፥ እባብ፥ እንሽላሊት፥ የቅል ስባሪ፥ የዓሣ መረብ፥ ጨረቃና ኮከብ ይሥላሉ። ሥዕሉንም በለስላሳ ጠጠር እያሹ ያስተካክሉታል። በመጨረሻ የኔሬን ፍሬ ልጣጭ ቀቅለው ውኃውን በግድግዳው ላይ ይረጩታል። ይህም ውኃ ሲደርቅ ቀለሙን ያጠነክራል፤ ዝናብም ቶሎ እንዳያጥበው ይጠብቀዋል። እንግዲህ ያው ዛፍ ወጥ ያጣፍጣል፥ ቤትም ይጠብቃል።

በዚህ ሥራ አሮጊቶቹ መሪዎች ናቸው፤ ልጃገረዶቹ ከአጠገባቸው ቆመው ይማራሉ። ልጅቱ መጀመሪያ ውኃ ትቀዳለች፤ ቀጥላም ድንጋይ ትፈጫለች፤ በኋላም የተሣለውን ትለሰልሳለች። ብዙ ጊዜ ካየች በኋላ መሥመር እንድትሥል ይፈቀድላታል። መሥመሯ ቢጣመም አሮጊቷ በጭቃ ትሸፍነውና «እንደ ገና ሞክሪ» ትላታለች። ጥበቡ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እዚህ ደርሷል።

ነገር ግን ጭቃ ጭቃ ነው። ምንም ቢጠበቅ የክረምት ዝናብ ከግድግዳው ጥቂት በጥቂት ይወስዳል። ሴቶቹ ትናንት ስለ ደከምን ዛሬ እንረፍ ብለው ሥራቸውን ቢተዉት፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥዕሉ ይጠፋል፤ ቤቱም ይፈርሳል። በዘመናችን ደግሞ ሌላ ችግር መጥቷል። በየመንደሩ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ቤት እየበዛ ነው፤ ለጣራ የሚሆነው ጠንካራ እንጨትም እያነሰ ነው። ወጣቶችም ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሄዳሉ። አንዲት አሮጊት የምታስተምራት ልጅ ሳታገኝ ብትሞት፥ ዕውቀቷ ከእርስዋ ጋር ይቀበራል።

በ2024 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የቲዬቤሌን ግቢ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። ይህ መዝገብ የእኛም የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በ1978 ዓ.ም. የተጻፉበት ነው። አንዱ ከዐለት ተፈልፍሎ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ሁለተኛው ከጭቃ ተሠርቶ ዝናብ ያጥበዋል። ሁለቱ ግን በክብር በአንድ መዝገብ ተቀመጡ። የቲዬቤሌ ስም በመዝገብ መጻፉ ግድግዳውን ከዝናብ አያድነውም። የሚያድነው በየዓመቱ ጭቃ የሚያነሣ እጅ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ሁለት ነገር ተማሩ። መጀመሪያ፥ አባቶችና እናቶች የተዉልንን ነገር በማድነቅ ብቻ አንጠብቀውም፤ ሠርተን እንጠብቀዋለን። ሁለተኛ፥ በቤታችሁ ያሉ አያቶች የሚያውቁትን ነገር ዛሬ ጠይቁ፤ ነገ ብትሉ ጊዜው ያልፋልና። ሳይጠይቅ የቀረ ልጅ ውርሱን በገዛ እጁ ይጥላል።

ጥያቄ።
1. ናሁሪ በየትኛው አገር ይገኛል? ዋና ከተማውስ ማን ይባላል?
2. የቤቱ ደጃፍ ዝቅ ያለው ስለ ምንድር ነው?
3. ሴቶቹ ሦስቱን ቀለሞች ከምን ያወጣሉ?
4. የኔሬ ዛፍ ለምን ለምን ይጠቅማል?
5. በአገርህ ከአያቶች የምትማረው የእጅ ሥራ ምንድር ነው?