ቺንጋ ለምን ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል?

በዛሬው የሙያ ትምህርት የምንነጋገረው ስለ ሞተር ቺንጋ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በካምፓላ ከተማ በአሮጌ ሚኒባስ የሚተዳደሩ፣ በጋራዥ ረዳትነት የሚሠሩ ወይም በሰፈራ ጣቢያ ወፍጮ የሚያንቀሳቅሱ ወገኖቻችን ቺንጋ በተበጠሰ ቁጥር የዕለት ገቢያቸው እንደሚቋረጥ ያውቃሉ። ከዚህ የባሰም አለ። የተበጠሰው የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋ ከሆነና ሾፌሩ የሙቀት መለኪያውን ሳያይ ጥቂት ከነዳ፣ ሞተሩ ግሎ ቴስታታው ይጣመማል። በአንድ ቺንጋ ዋጋ ያልቅ የነበረው ጉዳት የወራት ዕዳ ይሆናል።

ቺንጋ አርጅቶ ቢበጠስ ያለ ነው። አዲሱ በሳምንቱ ከተበጠሰ ግን ጥፋቱን በቺንጋው ላይ ማላከክ አይገባም። ኪሴካ ገበያ እየተመላለሰ "ይኸኛው ጠንካራ ነው" የተባለውን ሁሉ የሚገዛ ሰው፣ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ እንደሚቀያይር ሰው ነው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የምናገኘው ቺንጋ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። ፑሊ በሚባለው ባለቦይ ክብ ብረት ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይገባል። እንጨት የፈለጠ ሁሉ ሽብልቅ የሚይዘው በጎንና በጎኑ መሆኑን ያውቃል። ቺንጋም ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለቱ ጎኖቹ እንጂ በሆዱ አይደለም። ሆዱ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። የቦዩ ወለል እንደ መስተዋት ሲያበራ ካያችሁ፣ ወይ ቦዩ ተበልቷል፣ ወይ የተገዛው ቺንጋ ጠባብ ነው። ያን ጊዜ የቱንም ያህል ብትወጥሩት ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተትም ይግላል፣ ይቃጠላል።

እንግዲህ የተበጠሰውን ቺንጋ አትጣሉት። በእጃችሁ ይዛችሁ አገላብጡት፤ ምክንያቱ እላዩ ላይ ይነበባል። ሁለቱም ጎኖቹ ደርቀው ካበሩ ላልቶ ሲንሸራተት ኖሯል። ከሆዱ በኩል ከተሰነጣጠቀ ሙቀትና ዕድሜ ነው። አብጦ ከለሰለሰ ዘይት እየነካው ነውና የሚያፈሰው ቦታ ሳይደፈን ሌላ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። አንዱ ጎኑ ብቻ ተልጎ ክሩ ከወጣ፣ ወይም ቺንጋው እየተገለበጠ ከቦዩ የሚወጣ ከሆነ፣ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም።

በዚህች ከተማ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ከተሠሩ 15 ዓመት ያለፋቸው መኪኖች እንዳይገቡ ብትከለክልም ቀድሞ የገቡት አሮጌዎች ሥራቸውን አላቆሙም። ዕቃቸውም ከብዙ መኪና የተለቃቀመ ነው። ከካባላጋላ ወደ ከተማ የሚመላለስ አንድ ሃይኤስ በሁለት ወር ውስጥ አራት ቺንጋ ጨረሰ። በተበጠሰ ቁጥር ሠራተኛው አዲሱን ከበፊቱ ይበልጥ ይወጥረዋል። በዚህ የተነሣ የዲናሞው ኩሽኔታ መጮህ ጀመረ። ከማስተምራቸው ወጣቶች ጋር አራተኛውን ቺንጋ ስናየው የተላገው አንድ ጎኑ ብቻ ነበር። ሲባጎ ወጥረን በፑሊዎቹ ፊት ለፊት ስንይዘው የዲናሞው ፑሊ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ወጥቷል። ዲናሞው ከሌላ ዓይነት መኪና የተፈታ ኖሯል! የያዘው ብሎን ቀዳዳም ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። ቀዳዳው ተስተካክሎ፣ ኩሽኔታው ተቀይሮ፣ ሮንዴላ ከፊት ወደ ኋላ ተዛውሮ ሲታሰር ነገሩ አበቃ። ሮንዴላው ከቺንጋው ዋጋ ጋር የሚወዳደር እንኳ አይደለም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ሞተሩን አጥፉ፤ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ። ቺንጋውን አውልቁና እያንዳንዱን ፑሊ በእጅ አዙሩት፣ ወዲያና ወዲህም ነቅንቁት። ከሻከረ፣ ከተያዘ ወይም ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። በአንዳንድ ሞተሮች የክራንኩ ፑሊ ሁለት ቀለበት ሆኖ በመካከሉ ጎማ አለው። ጎማው ሲያረጅ የውጭው ቀለበት ይሸሻል። ሞተሩ ሲነሣ ራቅ ብሎ ቆሞ ማየት ነው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ይታያል። በዚህ ጊዜ ነጠላ፣ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ከሞተሩ ይራቁ።

አዲሱን ስትገጥሙ የዲናሞውን ብሎን አላልታችሁ አስገቡት። በካቻቢቴ እያነሣችሁ በግድ ካስገባችሁት የውስጥ ክሩ ይበጠሳል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ከዚያ ወጥሩትና ረጅሙ ክፍል መካከል ላይ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ከ10 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ይበቃዋል። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሚላላ በማግስቱ እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። ሁለት ቺንጋ ጎን ለጎን ባለበት ሁለቱም በአንድ ላይ ይቀየራሉ፤ አለዚያ ያልላላው አዲሱ ሸክሙን ብቻውን ይሸከማል።

የሚጮህ ቺንጋ ላይ ሳሙና የሚቀቡ አሉ። ድምፁ ለጊዜው ጠፋ እንጂ መንሸራተቱ አልቀረም። ከከመነዳሪ ቆርጦ መቋጠርም ጥቂት ኪሎ ሜትር ያደርስ ይሆናል፤ በውስጡ ክር ስለሌለው ግን ይለጠጣል።

ለወፍጮ ቺንጋም ያው ሕግ ነው። በጀርባው ላይ "ቢ" የሚለው የላቲን ፊደል ካለ ወርዱ 17፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የውስጥ ዙሪያው በኢንች ነው። ገበያ ስትሄዱ ይህን ጽፋችሁ ያዙ።

በብዙ የሃይኤስ ናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ደግሞ ከሽፋን ሥር ያለ፣ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማ ባለጥርስ ቺንጋ አለ። እርሱ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። አሮጌ መኪና የምትረከቡ ሁሉ መቼ እንደተቀየረ ባለቤቱን ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።