ወንድነትና ማስወለድ አንድ ናቸውን?

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ወንዱ አካል ነው። ወደ ክሊኒካችን የሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች በመሆናቸው ስለ ማኅፀን፣ ስለ ወር አበባና ስለ እርግዝና ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ስለ ባሎች አካል ግን የተነጋገርነው ጥቂት ነው። ይህ ዝምታ ምን ያህል እንደሚጎዳ ያስገነዘበችኝ አንዲት ባለትዳር ናት።

ካገባች አራት ዓመት ሆኗታል። ልጅ ባለመውለዷ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ታክማለች። ማኅፀኗ በአልትራሳውንድ ታይቷል፤ የማኅፀን ቱቦዎቿ በራጅ ተነሥተዋል፤ ደሟም ተመርምሯል። ውጤቱ ሁሉ ደህና ነው። ያም ሆኖ አማቷ ልጃቸውን «ሌላ አግባ» ማለት ጀምረዋል። «ባለቤትሽስ ተመርምሯል?» ብዬ ብጠይቃት ደንገጥ ብላ «ኧረ ሲስተር፣ እሱ ምንም የለበትም! ወንድነቱ ሙሉ ነው» አለችኝ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለመሆኑ ወንድነቱ ሙሉ የሆነ ሁሉ ያስወልዳልን? መልሱን ለማግኘት የአካሉን አሠራር በቅደም ተከተል እንመልከት።

የወንዱ የመራቢያ አካላት

ከውጭ የሚታዩት ብልቱና ሁለቱን የዘር ፍሬዎች (ቆለጦች) የያዘው ከረጢት ናቸው። ከረጢቱ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘር በሚገባ እንዲመረት ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ያለ ሙቀት ያስፈልጋል። ከረጢቱ በብርድ ጊዜ ተሸብሽቦ ወደ ሰውነት የሚጠጋው፣ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ላልቶ የሚወርደው ለዚህ ነው። አንዱ ፍሬ ከሌላው ዝቅ ብሎ መገኘቱም የተለመደ እንጂ በሽታ አይደለም።

በፍሬዎቹ ውስጥ የተመረተው የዘር ሕዋስ ከፍሬው ጀርባ ወዳለ ቀጭንና ጥምዝምዝ ቱቦ ያልፋል። ይህ ቱቦ ተፍታቶ ቢዘረጋ 6 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሕዋሱ መዋኘት የሚችለው በዚያ ቆይቶ ሲበስል ነው። ከዚያም በዘር መተላለፊያ ቱቦ ሽቅብ ተጉዞ ከፊኛ አጠገብ ካሉት የዘር ከረጢቶችና ከፕሮስቴት ዕጢ ከሚመነጩ ፈሳሾች ጋር ይቀላቀልና በሽንት ቧንቧ በኩል ይወጣል። አንድ የዘር ሕዋስ መመረት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስኪወጣ ድረስ ወደ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል።

በግንኙነት ጊዜ ከሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ የዘር ሕዋሱ ድርሻ ከመቶ 5 እጅ አይበልጥም። የቀረው ከዘር ከረጢቶቹና ከፕሮስቴት ዕጢ የመጣ ፈሳሽ ነው። ስለሆነም ፈሳሹ ብዙ ነው ወይም ወፍራም ነው ብሎ ዘር መኖሩን በዓይን ማረጋገጥ አይቻልም።

የፍሬዎቹ ሁለት ሥራ

የዘር ፍሬዎች ሁለት ሥራ አላቸው። አንደኛው የዘር ሕዋስ ማምረት ነው። ሁለተኛው ቴስቶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ማምረት ነው። ጺም የሚያበቅለው፣ ድምፅ የሚያጎረንነው፣ ጡንቻ የሚያጠነክረውና የግንኙነት ፍላጎት የሚቀሰቅሰው ይህ ሆርሞን ነው።

ባልና ሚስት አንድ ነገር እንዲያስታውሱልን እንፈልጋለን፤ ዘሩ የሚሄደው በቱቦ ነው፣ ሆርሞኑ የሚሄደው በደም ነው። መንገዳቸው የተለያየ በመሆኑ አንዱ ሲጎድል ሌላው ሙሉ ሊሆን ይችላል። ፍላጎቱም ብርታቱም ያልጎደለ ሰው ዘሩ በጣም ጥቂት ሊሆን ወይም ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል። በአንጻሩ ብልቱ አልቆም እያለ የሚቸገር ሰው ዘሩ ጤናማ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ችግር ደግሞ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በአፍረት ተሸፋፍኖ ሊቀር አይገባውም።

ዘር ለምን ያንሳል?

ልጅ ላጡ ባለትዳሮች በሚደረገው ምርመራ ከግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱ ችግር ለብቻው ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛል። ከተለመዱት ምክንያቶች መካከል የሚከተሉት ይገኙባቸዋል፤

- ከፍሬዎቹ በላይ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥ፤ ይህ በቀዶ ሕክምና ሊስተካከል ይችላል።
- በጊዜው ያልታከመ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ፤ ቱቦውን አቁስሎ ሊዘጋው ይችላል።
- ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ ወደ ፍሬዎቹ ሲወርድ።
- በልጅነት ሳይወርድ ሆድ ውስጥ የቀረ ፍሬ። የወንድ ልጃችሁ ፍሬዎች ስድስት ወር ሞልቶት ካልወረዱ ወደ ሐኪም ውሰዱት።
- ከፍተኛ ትኩሳት፤ ለምሳሌ ወባ ወይም ታይፎይድ። ይህ ዘሩን ለጥቂት ወራት ሊቀንሰው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይመለሳል።
- ሲጋራ ማጨስና መጠጥ ማብዛት።
- ጡንቻ ለማሳበጥ ተብሎ የሚወሰድ የቴስቶስቴሮን መርፌ። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ ሰውነት የራሱን ማምረቻ ስለሚያቆም ዘሩ ሊጠፋ ይችላል። ወንድነት ይጨምራል ተብሎ የተወሰደው መርፌ ማስወለድን ይከለክላል ማለት ነው።

ምርመራው እንዴት ነው?

ባልና ሚስት መከላከያ ሳይጠቀሙ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው እርግዝና ካልመጣ፣ ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ደግሞ ስድስት ወር ካለፈ፣ ሁለቱም በአንድነት መመርመር አለባቸው። የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ ከሴቷ ብዙ ምርመራዎች ይልቅ ቀላል ነው። መርፌም ቢላዋም የለውም። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ ፈሳሹን ላቦራቶሪው በሚሰጠው ንጹሕ ዕቃ ማቅረብ ነው። በቤት ከተወሰደ እንዳይቀዘቅዝ በልብስ ሥር ተይዞ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ መድረስ አለበት። በተራ ኮንዶም ማምጣት ግን ውጤቱን ያበላሻል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት ዝቅተኛው ወሰን በአንድ ጊዜ ፈሳሽ ውስጥ በጠቅላላው 39 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ነው። ከዚህ በታች መሆን የማያስወልድ ነው ማለት አይደለም፤ እርግዝናው ሊዘገይ ይችላል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ዝቅ ያለ ውጤት ከተገኘ ምርመራው ይደገማል። በግንኙነት ዘር ካልተገኘም ከፍሬው በመርፌ ተወስዶ ከሰውነት ውጭ የሚደረግ ማዳቀል ለአንዳንዶች ይረዳል። ለዚህ አገልግሎት በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመንግሥት ማእከል ተከፍቷል።

ጠበል የሚጠመቁ፣ ዱዓ የሚያስደርጉ ባለትዳሮች አሉ። ምርመራው ከእምነታቸው ጋር አይጣላም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ?

ወልደው ለበቃቸው

ከላይ የተናገርነው ነገር ልጅ በቃን ለሚሉም ይጠቅማል። ብዙ ወንዶች የዘር ቱቦ ማስቋጠርን (ቫዜክቶሚን) እንደ በሬ መኮላሸት አድርገው ይፈሩታል። በሬ ሲኮላሽ የሚጠፋው ፍሬው ነው፤ ስለዚህ ሆርሞኑም ይቀራል። በዚህ ቀዶ ሕክምና ግን ፍሬው አይነካም። የሚዘጋው ቱቦው ብቻ ስለሆነ ሆርሞኑ በደም መሄዱን ይቀጥላል፤ ፍላጎቱም፣ ብርታቱም፣ ፈሳሹም አይጓደልም። ሰውየው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በቱቦው የቀረው ዘር እስኪያልቅ ግን ለሦስት ወር ሌላ መከላከያ መጠቀምና በምርመራ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዘዴው ዘላቂ ስለሆነ ባልና ሚስት በሚገባ ተመካክረው ሊወስኑበት ይገባል። ከአባላዘር በሽታና ከኤችአይቪም አይከላከልም።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም

በድንገት የሚነሣ ከባድ የፍሬ ሕመም ለነገ አይባልም። ፍሬው ተጠማዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ስለሚችል በስድስት ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ሊጠፋ ይችላል። በፍሬው ላይ ጠጠር ያለ እብጠት፣ ባያምም እንኳ፣ መታየት አለበት። ከብልት መግል መውጣት፣ ሲሸኑ ማቃጠልና ቁስልም እንዲሁ። በእነዚህ በሦስቱ ጊዜ ባልና ሚስት አብረው ካልታከሙ በሽታው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ያቺ ባለትዳር ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከባለቤቷ ጋር መጣች። ግድግዳው ላይ ባለው ሥዕል ቱቦውንና ፍሬውን አሳየሁት። ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና «ታዲያ እስከዛሬ እሷን ብቻ ስናንገላታ ኖርን?» አለ። ሲመረመር ዘሩ ጥቂት ሆኖ፣ የደም ሥሮቹም አብጠው ተገኙ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በክትትል ላይ ነው። ልጅ ይወልዳሉ ብለን ቃል መስጠት አንችልም። ይሁን እንጂ ውጤቱን ለእናቱ ራሱ ነገራቸው፤ «ሌላ አግባ» የሚለውም ነገር በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ውድ ባለትዳሮች፣ ወደ ክሊኒካችን ስትመጡ ሁለታችሁም ኑ። ባሎች ስለ ራሳቸው ጤና በግል መጠየቅ ይችላሉ፤ የሚነግሩን ነገር በምስጢር ይጠበቃል።